«እናትየው የት ነበረች?» ከማለታችን በፊት «ክዳኑ የት ነበር?» እንበል



ባለፈው ሚያዝያ፣ አዲስ አበባ በሙቀት ስትቃጠል ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ለልጆቿ በአየር የሚነፋ የፕላስቲክ መዋኛ ገዝታለች።

«ዶክተርዬ፣ ስንት ክዳን በረኪና ልጨምርበት?»

«በረኪናውን ተይውና እታለም፣ መጀመሪያ የበርሜልሽ ክዳን የት ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «ስለ ገንዳ ስጠይቅህ ስለ በርሜል ታወራለህ! በል ሥራህን ሥራ» ብላ ዘጋችው።

ዛሬ መልሱን ሙሉውን ልስጣት። ምክንያቱም ሐምሌ ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ እሷም ልጆቿን ይዛ አምበር እናታችን ቤት ልትመጣ ነው። ደግሞም ሐምሌ 18 ዓለም አቀፍ የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የወሰነው ነው።

አምበርን ለማታውቋት፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። እዚህ ግቢው ውስጥ መዋኛ ያለው ሰው አላውቅም። ልጅ የሚሰጥምበት ውሃ ግን በየግቢው አለ። እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ኢንተርን በነበርኩበት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ጎረቤት ተሸክሞት ወደ ድንገተኛ ክፍል ገባ። የጣራ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ነው የተገኘው። የምንችለውን ሁሉ ሞከርን። አልተመለሰም። ወጥቼ ለእናቱ መንገር የኔ ድርሻ ነበር። እና ከነገርኳት በኋላ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «አንቺ የት ነበርሽ?»

«እንጀራ እየጋገርኩ ነበር። ታላቁ እያየው ነበር» አለች።

ታላቁ የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

የጠየቅኩት ለሕክምና የሚጠቅም መረጃ ፈልጌ አልነበረም። ተናድጄ ነው፣ ንዴቴንም የጣልኩት ያን ጊዜ ልትሸከመው በማትችል ሰው ላይ ነው። እስኪ አስቡት፤ እንጀራ የምትጋግር፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ልብስ የምታጥብ እናት ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳትነቅል መዋል ትችላለች? እኔም አልችልም፣ እናንተም አትችሉም። መጠየቅ የነበረብኝ «በርሜሉ ክዳን ነበረው ወይ?» ነበር። እሱንም እሷን ሳይሆን ራሴን፣ ቀበሌውን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ሁላችንን።

የዛሬው ሐሳቤ ይኸው ነው። ልጅን ከውሃ የሚያድነው «ጠንቃቃ እናት» ብቻ አይደለችም። ዓይን ይደክማል፣ ክዳን አይደክምም።

ለምን በርሜል?

የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ጎንበስ ብሎ ውሃ ሲነካ ሚዛኑን ስቶ በጭንቅላቱ ይገባል፣ እጁ ደግሞ መልሶ ሊያወጣው አቅም የለውም። ለዚህ ጥልቅ ውሃ አያስፈልግም። አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ ማለትም ግማሽ ባልዲ ወይም የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል።

ሌላው የምንሳሳትበት ነገር ድምፁ ነው። ፊልም ላይ የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል። እውነተኛው መስጠም አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ነው። መተንፈስ ያቃተው ልጅ መጮኽ አይችልም። «ድምፅ ብሰማ እደርስ ነበር» የሚሉ ወላጆች እውነታቸውን ነው፤ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያኑ 2024 መጨረሻ ላይ ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም በዓመት ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሰጥሞ ይሞታል። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ነው። ከአሥሩ ሟቾች ዘጠኙ እንደ እኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። እኛ ጋ ደግሞ ጤና ተቋም ሳይደርስ የሚቀበረው ልጅ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? «ዕድሜው ነው»፣ «ውሃ ወሰደው» ተብሎ ይታለፋል። የማንቆጥረውን ሞት ደግሞ አንከላከለውም።

የእናቴ ግቢ ቆጠራ

የእህቴ ልጆች ከመምጣታቸው በፊት፣ ባለፈው እሑድ የእናቴን ግቢ በአራት ዓመት ልጅ ዓይን ዞርኩት። እናቴ «ምን ጠፋብህ?» እያለች ትከተለኛለች። ያገኘሁት ይህን ነው፦

1. ከጣራው ሥር ክዳን የሌለው በርሜል። አጠገቡ ድንጋይ አለ፣ ልጅ ለመውጣት የሚመች።
2. የእጅ ጉድጓድ። ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ ነው፣ በላዩ አንድ ድንጋይ።
3. የላሞች ውሃ መጠጫ ገንዳ። («መዋኛ ገንዳ» ስንል ቃሉን የወሰድነው ከዚሁ አይደል?)
4. ግድግዳ ለመምረግ ጭቃ የተቆፈረበት ጉድጓድ። በጋ ላይ ደረቅ ነበር፣ አሁን የዝናብ ውሃ ሞልቶታል።
5. ጓሮ ተቆፍሮ ሳያልቅ የቀረ የሽንት ቤት ጉድጓድ።

አምስት! ሐኪም ልጅ ባሳደገች እናት ግቢ። ለዓመታት በአጠገባቸው ሳልፍ አንዱም አልታየኝም። ግማሽ ቀን ሠራን። በርሜሉ ክዳን ተገጠመለትና ድንጋዩ ተነሣ። ጉድጓዱ ወፍራም የእንጨት ክዳን በማጠፊያና በቁልፍ ተሠራለት። ገንዳው ከብቶቹ ከጠጡ በኋላ ይደፋል፣ ይገለበጣል። የጭቃው ጉድጓድ ተደፈነ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ እስኪያልቅ ድረስ በግንድ ተረበረበና በእሾህ ታጠረ። ወጪው ከአንድ ቀን ሆስፒታል መመላለስ ያንሳል።

አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያላችሁም «እኛ ጉድጓድ የለንም» አትበሉ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መታጠቢያ ቤታችሁ ውስጥ የሞላ በርሜል ወይም ባልዲ አለ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ክዳኑ የተሰበረ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ጎረቤት ግንባታ ካለ፣ ለመሠረት ተቆፍሮ ውሃ የያዘ ጉድጓድ አለ።

ክዳን ሌላም ጥቅም አለው። የዴንጊ ትንኝ የምትራባው በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ድሬዳዋ ላይ እንደ አውሮፓውያኑ በ2013 የታየውን ወረርሽኝ የምናስታውስ አለን። ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝም አገራችን ገብታለች። በደንብ የገጠመ ክዳን ልጅንም ትንኝንም ይከለክላል።

አሁን ወደ መዋኛው ልምጣ

እታለም፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ገንዳ የገዛችሁ፣ የመኖሪያ ግቢያችሁ መዋኛ ያለው፣ ወይም ልጆቻችሁን ሆቴል የምትወስዱ ይህን ያዙልኝ።

✅ የሚነፋ ትንሽ ገንዳ፦ በረኪና አትጨምሩበት። ማጣሪያና መለኪያ በሌለበት ትንሽ ውሃ ላይ በግምት የሚጨመር በረኪና ወይ አይጠቅምም፣ ወይ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ ልጆቹ ሲጨርሱ ወዲያው ድፉ፣ በሳሙና እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። «ውሃ በሳምንት አንዴ እየመጣ እንዴት ይደፋል?» ትሉኝ ይሆናል። ሽንት ቤት ድፉበት፣ ግቢ እጠቡበት። ለነገ ብቻ አታሳድሩት። ያደረ ውሃ ጀርም ያፈላል፣ ሌሊት ሳይታይ ለሚወጣ ልጅም ወጥመድ ነው።

✅ ተቅማጥ ያለበት ልጅ አይገባም። ሌሎቹ ያንኑ ውሃ ይጠጡታል። ዳይፐር ያደረገ ሕፃን ካለ ቶሎ ቶሎ እዩት፣ ዳይፐሩንም ከውሃው ርቃችሁ ቀይሩ። ሁሉም ከመግባቱ በፊት ይታጠብ።

✅ ትልቅ መዋኛ፦ ማጣሪያው መሥራት አለበት፣ ክሎሪኑም በመለኪያ ወረቀት መታየት አለበት። በአንድ ሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይሁን፣ ፒኤች ከ7 እስከ 7.8። መለኪያ ከሌላችሁ ቢያንስ ወለሉን እዩ። የታችኛው ማፍሰሻ ጥርት ብሎ ካልታየ ልጅ አታስገቡ። «ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣ ንጹሕ ነው» የሚባለውም ስህተት ነው። ኃይለኛው ሽታ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ የሚመጣ ነው።

✅ አጥር፦ በአራቱም ጎን፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ፣ ልጅ የማያሾልክ፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ። ብዙ ሰው በሦስት ጎን አጥሮ አራተኛውን የቤቱ ግድግዳ ያደርገዋል። ልጁ የሚወጣው ግን በዚያው በሳሎን በር ነው። አጠገቡ ወንበር አትተዉ፣ መጫወቻም ውሃው ላይ ተንሳፎ አይቅር።

✅ ዓይን፦ ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሆን እጃችሁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ሁኑ። ስልኩ ይቀመጥ። ልደት ላይ 20 አዋቂ ሲኖር አደጋው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሁሉም «እሱ እያየ ነው» ይላል። ተራ ያዙ፦ 15 ደቂቃ አንቺ፣ 15 ደቂቃ እኔ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ፊኛ መጫወቻ ነው እንጂ ሕይወት አድን አይደለም። ከስድስት ዓመት በላይ ያሉትን ዋና አስተምሩ። ግን ዋና የሚችል ልጅም ይሰጥማል።

✅ በረኪና፦ በሃይላንድ ላስቲክ ቀድታችሁ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣል። ከጠጣ በግድ አታስመልሱት፣ አፉን አጉመጥምጣችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋርም አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ልጅ ውሃ ውስጥ ብታገኙ

አውጡት፣ እየጮኻችሁ ሰው ጥሩ። ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ ግን ዘላችሁ አትግቡ። ገመድ ወይም እንጨት ላኩ። ሊያድን ገብቶ በዚያው የቀረ ብዙ ነው።

በእግሩ አንጠልጥላችሁ አታራግፉት፣ ሆዱን አትጫኑት። ብዙ ቦታ የሚደረገው ይህ ነው፣ ወርቃማውን ደቂቃ ይበላል። የጎደለው አየር ነው፣ ስለዚህ አየር ስጡት።

የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ ደረቱ እስኪነሳ እፍ በሉ። ለጨቅላ ሕፃን አፍና አፍንጫውን በአንድ ላይ በአፋችሁ ሸፍኑ። ነፍስ ካልዘራ ደረቱን መሐል ላይ ፈጠን እያላችሁ 30 ጊዜ ጫኑ፣ የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ይግባ። ለጨቅላ በሁለት አውራ ጣት፣ ለትንሽ ልጅ በአንድ መዳፍ። ከዚያ ሁለት እፍታ፣ እንደገና 30። እርዳታ እስኪመጣ አታቁሙ። ሌላው ሰው በ907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ልጁ ነቅቶ ቢያለቅስም ሐኪም ይየው፣ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹ ሊበላሽ ይችላል።

የመጨረሻ ሐሳቤ

ይህን ሁሉ በቤተሰብ ጫንቃ ላይ ጥዬ መሄድ አልፈልግም። ለመንገድ ገረጋንቲ ወስዶ ጉድጓዱን ክፍት ጥሎ የሚሄድ ሥራ ተቋራጭ አለ። የተሰበረ የፍሳሽ ክዳን እያየ ለወራት የሚያልፍ የሚመለከተው አካል አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ቤት ለቤት ሲዞሩ የሽንት ቤት መኖሩን ይጠይቃሉ። «የጉድጓዳችሁን ክዳን አሳዩኝ» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር ምን ይከብዳል? ሥራ ለሚበዛባቸው እናቶች ደግሞ በየሰፈሩ ሕፃናት የሚውሉበት ቦታ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከሚመክራቸው ዋና ዋና መከላከያዎች አንዱ ይኸው ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሞግዚት መሆን የለበትም።

እኔ ያችን እናት ዳግም አላገኘኋትም። ባገኛት ይቅርታ እጠይቃት ነበር። ይህ ጽሑፍ ለእሷ ነው።

እናንተ ዛሬ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ስልካችሁን አስቀምጡና ግቢያችሁን ዙሩ፣ ውሃ ያለበትን ቁጠሩ፣ ስንት እንዳገኛችሁ ከታች ጻፉልኝ። ከዚያ ክደኑ፣ ድፉ፣ ድፈኑ። ክረምቱን አገር ቤት ልጅ ለሚልክ ሰው ደግሞ ሼር አድርጉለት።

እታለም፣ በርሜሉ ተከድኗል። ልጆቹን ይዘሽ ነይ።