ጥፋቱ የሕፃኑ ሳይሆን የጠርሙሱ ነው



ሰሞኑን በሰፈራችን አንድ የ7 ዓመት ሕፃን በቴሌቪዥን ያየውን ሙከራ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ቴሌቪዥኑ ያሳየው አቼቶና የዳቦ ሶዳ ተደባልቀው አረፋ ሲገነፍል ነው። ልጁ አቼቶ ስላጣ ሎሚ ጨመቀ። ሶዳ ሲባል የሰማው ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ስለመሰለው፣ ጓዳ ካገኘው የለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ደፋበት። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው በረኪና ነው። ጭሱ ጉሮሮውን ይዞት ሲያስል እናቱ ደርሰው ጎትተው ወደ ደጅ አወጡት። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ከተረፈ በኋላ ግን ተገረፈ።

ታዲያ እሑድ በስብሰባችን ላይ ምን ተባለ? «ቴሌቪዥኑ ይዘጋ!» «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ልጅ አርፎ ይቀመጥ!» ኧረ ተው ጎበዝ! ይህን አስተሳሰብ አጥብቀን እንቃወማለን።

አንደኛ፣ ቴሌቪዥን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። እኛም በልጅነታችን ጎረቤት ቤት ተኮልኩለን አባባ ተስፋዬ ተረት ሲነግሩን አይተናል፤ በማግስቱም ያየነውን እየተጫወትን አድገናል። እናቷ እንጀራ ስትጋግር ያየች ልጅ በጭቃ ትጋግራለች። ያንን ጨዋታ ብለን ስቀን እያለፍን፣ ይህን ስለምን ወንጀል እናደርገዋለን?

ሁለተኛ፣ አይቶ መጠየቅና መሞከር የሊቃውንት መንገድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ውኃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። «ለምን ሞቱ?» ብለው ጠየቁ፤ ሞከሩ፤ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚሁ ሥራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እስቲ እንዶድን ከእኛ ውስጥ የማያውቀው ማነው? ያየነው ብዙ ነን፤ የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛ፣ ቴሌቪዥን ሁሉን አያውቅም። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይለናል። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላችን ቶሎ አልበስል የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን የሚያውቅ በገዛ አገሩ የሞከረ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማነው? በረኪናን በለስላሳ ጠርሙስ ያስቀመጥነው እኛ ትልልቆቹ ነን! ነገ የተጠማ ሕፃን ቢጠጣውስ ማንን ልንገርፍ ነው?

ስለዚህ የሚከተለውን በጥብቅ እናሳስባለን፦

1ኛ/ በረኪና፣ ነጭ ጋዝና የባትሪ አሲድ በውኃና በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ። በራሱ ዕቃ ሆኖ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቆለፍበት።

2ኛ/ በረኪና ከሎሚ፣ ከአቼቶም ሆነ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ። ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል፤ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል።

3ኛ/ ጋዙን የሳበ ሰው ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት ይውጣ። ከእነዚህ አንዱን የጠጣ ልጅ ለማስመለስ አይሞከር፤ ከነጠርሙሱ ወደ ጤና ጣቢያ በፍጥነት ይወሰድ።

4ኛ/ ልጅ ስለጠየቀና ስለሞከረ አይገረፍ።

ማኅበራችንም ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በአዳራሹ ልጆችን በሎሚና በዳቦ ሶዳ ያሠራል። የሚወጣው አረፋ አምቦ ውኃ ውስጥ ያለው ጋዝ ስለሆነ አያስፈራም። መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥታችሁ እንድትረዱን እንለምናለን። ከየቤቱ አንድ አንድ ሎሚ ይዋጣ። የተገረፈው ልጅም የመጀመሪያውን ሎሚ እንዲጨምቅ ተወስኗል።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ