ቀልብዎ ይናገር፤ ግን በተራው



ሥራ ለመልቀቅ፣ ቤት ለመግዛት ወይም ሰው ለመቅጠር ሲያስቡ ምክር ጠይቀው ያውቁ ይሆናል። አንዱ ወዳጅ «ቀልብህ ካልወደደው ይቅርብህ» ይላል። ሌላው «አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» ይላል። ሦስተኛው፣ ሽማግሌ ቢጤው፣ «ሁለቱንም አመዛዝን» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የሦስተኛው ምክር ማንንም አያስቀይምም፤ ማንንም ግን አይረዳም። ቀልብና ስሌት ተቃራኒ ነገር ሲናገሩ በየትኛው ሚዛን ላይ አስቀምጠን እናመዛዝናቸው? ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከመጠናቸው ይልቅ ተራቸው ይወስናል ብዬ ስለማምን ነው። ስሌት ይቅደም፣ ቀልብ ይከተል። ምክንያቴን ልንገርዎ።

እ.ኤ.አ. በ1955 ዳንኤል ካህነማን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት በእስራኤል ጦር ውስጥ ያገለግል ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት የወሰደው የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። የተሰጠው ሥራ አዳዲስ ምልምሎች የሚመዘኑበትን ቃለ መጠይቅ ማሻሻል ነበር። እስከዚያ ድረስ ጠያቂዎቹ ከእያንዳንዱ ምልምል ጋር ለሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ዘለግ ላለ ጊዜ ይጨዋወቱና ይህ ጥሩ ወታደር ይወጣዋል፣ ይህ አይሆንም ብለው በጠቅላላ ግምት ይፈርዱ ነበር። ግምታቸው ከምልምሎቹ የኋላ ውጤት ጋር ሲተያይ ከንቱ ለመባል ጥቂት የቀረው ሆኖ ተገኘ።

ካህነማን ስድስት ባሕርያትን ለየ፤ ኃላፊነት መሸከምና ከሰው መግባባት ከነዚህ መካከል ነበሩ። ለእያንዳንዱም ስለ ምልምሉ ያለፈ ሕይወት ተጨባጭ ጥያቄዎች አዘጋጀ። ስንት ቦታ ሠርቷል? ሰዓት ያከብር ነበር? ከጓደኞቹ ጋር ምን ያህል ይገናኛል? ጠያቂው ለአንዱ ባሕርይ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ሳይሰጥ ወደ ቀጣዩ እንዳያልፍ ደንብ አወጣ። ጠያቂዎቹ ተቆጡ፤ ማስተዋላችንን ቀምተህ ማሽን አደረግከን ብለው አጉረመረሙ። እሱም አንድ መላ ዘየደ። መጀመሪያ ስድስቱን ነጥብ በደንቡ መሠረት ይሙሉ፤ ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ልጁን ወታደር ሆኖ በሐሳባቸው ይዩትና ከአንድ እስከ አምስት የራሳቸውን ነጥብ ይስጡ።

ከጊዜ በኋላ የአዛዦች ምዘና ሲመጣ የስድስቱ ነጥቦች ድምር ከቀድሞው ግምት እጅግ የተሻለ ሆነ። ካህነማንን ያስገረመው ግን ዓይን ተጨፍኖ የተሰጠው ነጥብም ከድምሩ አለማነሱ ነው። ቀድሞ በባዶ ሜዳ ሲናገር የማይረባው ቀልብ፣ መረጃውን አንድ በአንድ ከሰማ በኋላ ሲናገር የሚደመጥ ሆነ። የተለወጠው ተራው ነው።

እንግዲያው ቀልብን ጨርሶ ብናስወጣውስ? ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ከታካሚዎቹ አንዱ የአንጎሉ የፊት ክፍል ተጎድቶ፣ የማሰብ ችሎታው ሳይጓደል ስሜቱ ከውሳኔው ተለይቶ ነበር። ዳማሲዮ ለቀጣይ ቀጠሮ ሁለት ቀናት አቀረበለት። ሰውየው የቀን መቁጠሪያውን አውጥቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል የአንዱንና የሌላውን ጥቅምና ጉዳት ዘረዘረ፤ ሌላ ቀጠሮ፣ የአየሩ ጠባይ፣ ምኑ ቅጡ። በመጨረሻ ሐኪሙ በሁለተኛው ቀን እንዲመጣ ሲነግረው ያለ አንዳች ክርክር እሺ ብሎ ሄደ። ምክንያት ሞልቶታል፤ «በቃ» የሚለው ድምፅ ግን ከውስጡ ጠፍቷል። «ይጠና» እየተባለ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተተውን ፋይል የሚያውቅ ሰው፣ ይህ በሽታ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችን ብቻ የሚይዝ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ቀልብም ሁሉ እኩል አይደለም። ካህነማን ቀልብን የሚጠራጠር ሰው ነበር፤ የእሳት አደጋ አዛዦችን ያጠናው ጋሪ ክላይን ደግሞ የቀልብ ጠበቃ ነው። ሁለቱ ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ ባወጡት ጽሑፍ በሁለት ነገር ተስማሙ። ቀልብ የሚታመነው አንደኛ ነገሩ ራሱ ሥርዓት ሲኖረው፣ ሁለተኛ ሰውየው ያን ሥርዓት ደጋግሞ እየሞከረና እየታረመ ለመማር ዕድል ሲያገኝ ነው። እናቶቻችን አብሲት ሲጥሉ ቴርሞሜትር አይፈልጉም። ሊጡን በእጃቸውና በአፍንጫቸው ያውቁታል፤ ከተሳሳቱም እንጀራው ዓይን አጥቶ ምጣዱ ላይ ይነግራቸዋል። ይህ በየምጣዱ ሲታረም የኖረ ቀልብ ነው። ቤት ገዢ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜው አንዴ ወይ ሁለቴ ነው የሚገዛው። ገና በር ላይ ቆሞ «ይኸው የኔ ቤት» ካለ፣ ያ ቀልብ ከየት ተምሮ ነው?

የተማረ ቀልብም ዘመን ሊያልፍበት ይችላል። ገበሬ የደመናውን መልክና የንፋሱን አቅጣጫ አይቶ ለዘር ሲነሣ የሚተማመንበት ቀልብ፣ የአባቶቹና የራሱ ዘመን ዝናብ ያሠለጠነው ነው። ዝናቡ ጊዜውን ሲያዛባ ያ ዕውቀት ያለ ጥፋቱ ያረጅበታል። የሜትሮሎጂ ትንበያ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ቀልብንና ስሌትን አስማምቶ የሚኖር ሙያ ማየት ከፈለጉ ቡና ቀማሾችን ይመልከቱ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በተከተለው የደረጃ አወጣጥ ከመቶው 40 የሚሰጠው ለጥሬው ፍሬ፣ 60 ደግሞ ለሲኒው ነው። ጥሬው ይታያል፣ እንከኑ ይቆጠራል፣ እርጥበቱ ይለካል። ከዚያ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ቀማሹ ደረቁን ያሸታል፣ ሙቅ ውሃ ይፈስስበታል፣ ከደቂቃዎች በኋላ አረፋውን በማንኪያ ሰብሮ እንደገና ያሸታል፣ በመጨረሻ ፉት ብሎ ይተፋል። ለጽዳቱ፣ ለኮምጣጣነቱ (አሲዲቲ)፣ በአፍ ውስጥ ለሚሰማው ክብደት (ቦዲ) እና ለጣዕሙ (ፍሌቨር) ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል። ናሙናው የሚቀርብለት በኮድ ስለሆነ የማን እንደሆነ አያውቅም። ምላሱ ከዓመታት ልምድ በቀር ሌላ መሣሪያ የለውም። ሆኖም የባለቤቱን ስም ሳይሰማ፣ አንዱን ጠባይ ከሌላው ለይቶ፣ ከባልደረቦቹ ነጥብ ጋር እየተያየ ነው የሚፈርደው። ስሌቱ ምላሱን አልናቀውም፤ ከወሬ ጠበቀው እንጂ።

ለቡና እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ሰው ስንመርጥ ምን እናደርጋለን? «ፊቱን አይቼ አውቃለሁ» የሚል የቅጥር ኮሚቴ አባል ሳይገጥምዎ አልቀረም። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ፍርዱ አልቋል፤ የቀረው ጥያቄ ለፍርዱ ምክንያት መፈለጊያ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የጣላቸው አመልካቾች ሌላ ቦታ ምን እንደሠሩ ተመልሰው አይነግሩትም። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን አንድም ጊዜ ሳይታረም ልበ ሙሉ እየሆነ ይሄዳል። የሚብሰው ደግሞ «ቀልቤ አልወደደውም» በሚለው ቃል ሥር የሚደበቀው ነው። በአገራችን ስምና ዘዬ ስለ ሰው ሃይማኖትና ትውልድ ብዙ ያወራሉ። ቀልብ ይህን ሁሉ ሳያስታውቀን ሰምቶ፣ ማስተዋል መስሎ ይመጣል።

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ነገር በሌላ ጎኑ ያውቁታል። በታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ዓይን ለዓይን ባለማየቱ ብቻ የሚደብቀው ነገር ያለው ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። የጠያቂው ቀልብ አልዋሸም፤ የተማረው ግን በሌላ አገር ነው።

ስሌቱ ተጠናቅቆ ቀልብ አሁንም «እምቢ» ካለስ? ያኔ ዝም ብለው አይታዘዙት፣ ዝም ብለውም አያባርሩት፤ ይመርምሩት። ክላይን ካጠናቸው አዛዦች አንዱ ከወጥ ቤት ተነሣ የተባለን እሳት ለማጥፋት ከሰዎቹ ጋር ገብቶ፣ ከሳሎን ሆነው ውሃ ቢረጩበት አልበርድ አለ። አዛዡ ለምን እንደሆነ ሳይገባው ልቡ ተረበሸና ሰዎቹን ይዞ ወጣ። እንደ ወጡ የቆሙበት ወለል ተደረመሰ፤ ዋናው እሳት ከሥራቸው፣ ከምድር ቤቱ ነበር። በኋላ ሲጠየቅ ያየው ነገር እንደነበረ ታወቀ። ሳሎኑ ለእንዲያ ያለ እሳት ከሚገባው በላይ ይሞቅ ነበር፤ እሳቱም ከሚጠበቀው በላይ ድምፁን አጥፍቶ ነበር። ቀልቡ ማስረጃ ነበረው፤ ያጠረው ቃል ነው።

በእሳት መካከል ለጥያቄ ጊዜ የለም። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ሌሊት አለን። «ምኑ ነው ያልተመቸኝ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ «ስለ ሒሳቡ ስጠይቀው ወሬ ቀየረ» ከሆነ ማስረጃ አግኝተዋልና ወደ ስሌቱ ይጨምሩት። መልሱ «እንጃ፣ አነጋገሩ» ብቻ ከሆነ ግን፣ ቀልብዎ የሚናገረው ስለ ሰውየው መሆኑን ይጠራጠሩ፤ ስለ ራስዎ አስተዳደግ እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። በሌላ ሰው ላይ የመወሰን ሥልጣን ካለዎት፣ ሰውየውን ከማየትዎ በፊት የሚፈልጉትን አምስት ስድስት ነገር በወረቀት ያስፍሩ። አንድ በአንድ ነጥብ ይስጡ፤ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይለፉ። ከዚያ ቀልብዎን ያድምጡ፣ ያለዎትንም ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡ። ከዓመት በኋላ ወረቀቱን አውጥተው ከሆነው ነገር ጋር ያስተያዩት። ቀልብዎን ብዙ ጊዜ ረትቶ ካገኙት ከዚያ ወዲያ ድምፁን ከፍ ያድርጉለት። እስከዚያ ድረስ ግን በሰው እንጀራ ላይ ብቻውን አይፍረድ።