መዓዛ ያላቸው ዕፀዋት፤ ኃይላቸውና ልካቸው

ዳማ ከሴና ጤና አዳም በየጓሮው መትከል በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በኮዬ ፈጬ፥ ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረው ስፍራ፥ ዛሬ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ በጋራ መኖሪያ ፎቅ ስለሚኖር ጓሮ የለውም። ነገር ግን ጓሮው ቢቀር ልማዱ አልቀረም፤ ቅጠሉ ከጉሊት ይገዛል፥ ወይም በጣሳ ተተክሎ በሰገነት ላይ ይበቅላል።

ይህ ልማድ ከንቱ አለመሆኑን ምርመራ ያስረዳል። ከቅጠል በእንፋሎት ተነጥሮ የሚወጣው የመዓዛ ዘይት የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። በደጋ በሚበቅለው በጦስኝ ዘይት ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉት፥ በነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥም ሲኒዮል የተባለው በብዛት ይገኛሉ። ቲሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያውን ሽፋን ስለሚያፈርሱት በውስጡ ያለው ፈስሶ ይሞታል። ከውጭ ሁለተኛ ሽፋን ያላቸው የባክቴሪያ ዓይነቶች ግን ብዙውን ጊዜ ይቋቋሙታል።

ይሁን እንጂ በመመርመሪያ ሳሕን ላይ ባክቴሪያን መግደልና በሽተኛን መፈወስ አንድ አይደለም። የአንዱ ተክል ዘይት እንኳ እንደ በቀለበት ቦታና እንደ ታጨደበት ወራት ስለሚለዋወጥ፥ በአንድ እፍኝ ቅጠል ውስጥ ያለውን ኃይል በዓይን መለካት አይቻልም። የተነጠረውም ዘይት ብርቱ ነው፤ ጥቂት የባሕር ዛፍ ዘይት የጠጣ ሕፃን ሊመረዝ ይችላል። ስለዚህ የልጁ ትኩሳት አልበርድ ሲል ወይም መተንፈስ ሲያቅተው፥ ዳማ ከሴ እያሹ ቀን መቍጠር ሞትን መጋበዝ ስለ ሆነ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

በሌላ ወገን መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ገደሉ ተገምቷል። አዲስ መድኃኒት እጅግ በሚያስፈልግበት በዚህ ዘመን የአገርን ዕፀዋት መናቅ ጥፋት ነው። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛ ባላቸው ተክሎች ላይ የሚሠራው ሥራ ከሐኪሞች ምርመራ ጋር ሊተባበር፥ መጠኑና ጕዳቱም ተለክቶ ለሕዝብ ሊነገር ይገባል። ጦስኝ ለቃሚውም ቅርንጫፉን ይቍረጥ እንጂ ከነሥሩ አይንቀል።

አባቶች ቅጠሉን ለይተው አስረክበዋል፤ ልኩን ማወቅ የዚህ ትውልድ ዕዳ ነው።