በምድር ባቡር ጣቢያ ዳር ስለሚመሠረት ሰፈር

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፥ ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር፥ ከሐረርም ወደ እንጦጦ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የሐረርን ተራራ መውጣት ብዙ ወጪና ድካም የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ኩባንያው ደጋውን ትቶ ከተራራው ግርጌ ባለው ቆላ ጣቢያውን ተከለ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ደረሰ። ስፍራው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ይባል ነበር፤ ኋላ ግን የአገሬው ስም ጸንቶ ድሬዳዋ ተባለ። ስንት ዘመን የነጋዴ መናኸሪያ ሆና የኖረችው ሐረርም ንግዷ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ሆና ተመለከተች።

ይህ የቆየ ነገር ዛሬ መነሣት የሚገባው ስለ መንዝ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልዲያ እንዲሄድ ታስቦ በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው ሐዲድ፥ ወደ ሞላሌ አይወጣም፤ የመንዝን ገደል በስተ ምዕራብ ትቶ በቆላው ያልፋል። ሥራው በልዩ ልዩ ምክንያት፥ ይልቁንም በጦርነቱ ምክንያት እጅግ ቢጓተትም፥ ሐዲድ ከተዘረጋበት ስፍራ ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። የሞላሌ ጎልማሳም ገብሱንና በጉን፥ የእናቱን የእጅ ሥራ ባናና ዝተት ተሸክሞ ገበያ ወዳለበት ይወርዳል። ከወረደም በኋላ ብዙው አይመለስም።

እንግዲህ የሚጠየቀው፥ የሚወርደው ሰው ከምን ላይ ያርፋል የሚለው ነው። በሞላሌ አንድ ሰው ማን ነህ ቢባል አባቱን፥ አገሩንና ደብሩን ይጠራል። ቢታመም የሚጠይቀው፥ ቢሞት የሚቀብረው ወገን አለው። በጣቢያ ሰፈር ግን ሰው የሚታወቀው በሥራው ነው፤ ይህ ተሸካሚ፥ ያ ሐዲድ ጠጋኝ፥ ያችም እንጀራ ሻጭ ይባላሉ። ሁሉም እንግዳ ስለ ሆነ አንዱ ለሌላው ዋስ ሊሆን አይችልም። በእርግጥ ከጊዜ በኋላ እድር ያቋቁማሉ፥ ማኅበር ይጠጣሉ፥ ልጅ ይዳራሉ፤ ሰፈሩም አገር ይሆናል። ይህ ግን የሆነው ሕዝቡ በገዛ ጥረቱ ነው እንጂ ጣቢያውን የሠራው ስላሰበለት አይደለም።

ለዚህም ድሬዳዋ ራሷ ምስክር ናት። ኩባንያው ከዚራን መንገዱን አቅንቶ፥ ዛፍ ተክሎ በሥርዓት ሠራ። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ግን እንደ ሰዉ አመጣጥ እየሰፋ ሄደ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ስለ ሆነ፥ ደሀው ቦታ ባጣ ጊዜ ወደ ወንዙ እየተጠጋ ጎጆውን ቀለሰ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ከተራራው የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ገደለ። የሐዲዱን ድልድይ የሠሩት መሐንዲሶች ውሃው ምን ያህል እንደሚሞላ አስቀድመው ይለካሉ፤ ለሰው መኖሪያ ግን እንዲህ ያለ ልክ አልተወሰደም።

ሁለተኛው ነገር የባቡሩ መሄድ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ አቃቂን የመሰሉ ጣቢያዎች ሰፈር አበጁ፤ ሰዓት ለሌለው ሰው የባቡሩ ፉጨት ሰዓቱ ነበር። በከተማውም ውስጥ ጣቢያው በፈረንሳይኛ ላ ጋር ቢባል፥ ሕዝቡ ለገሃር ብሎ የራሱ ስም አደረገው። ዳሩ ግን የአሮጌው መሥመር አገልግሎት እየደከመ ሄዶ ቆመ፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡርም ጣቢያውን በለቡና በእንዶዴ አደረገ። በድሬዳዋም እንዲሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ቆመ። ለሥራው የሚበጀው ይህ ሊሆን ይችላል፤ አይነቀፍም። ነገር ግን በአሮጌው ጣቢያ ደጃፍ ሻይ አፍልታ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ሐዲዱን ተከትላ ልትሄድ አትችልም።

አንዳንድ ሹማምንት፥ ሰዉ በፈቃዱ ለሚሰፍርበት መንግሥት ምን ዕዳ አለበት ይሉ ይሆናል። ጣቢያውን ከዚያ ያቆመው ማን ነው? ጣቢያ ማቆም ሰው መጥራት መሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ ታይቷል፤ የጠራ ደግሞ ማረፊያ ማዘጋጀት ይገባዋል።

ሮቢና ጀውሃ ከደጋው እየተነሡ ወደዚያው ቆላ የሚወርዱ ወንዞች ናቸው፤ ክረምት ሲገባም ጠባያቸው ከደቻቱ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር መሬቱን የሚለካው ሰው ወርዶ የውሃውን መሄጃ በችካል ይከልል፤ ከዚያ የራቀውንም ቦታ ለመኖሪያ ቆርሶ በየስሙ ይጻፍ። የደጋ ሰው ቆላ በወረደ በመጀመሪያው ዓመት ወባ ስለሚጥለው፥ ጤና ጣቢያው ከመጋዘኑ አስቀድሞ ይሠራ። የሞላሌና የአካባቢው ካህናትም የሚወርዱትን ምእመናን ስም ከነደብራቸው ጽፈው፥ በቆላው ለሚያገለግሉት ካህናት ይላኩላቸው፤ እንግዳው በታመመ ቀን ወገኖቹ ዘንድ መልእክት የሚደርሰው በዚህ መዝገብ ነውና።