ቀብድ ከበሉ በኋላ ቋንቋ ማማረጥ

የዛሬው ደብዳቤ የፍቅር አይደለም፤ እንቅልፍ መንሳቱ ግን አልቀረም። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው። ለሰፈሩ የጅምላ ነጋዴ የሽያጭና የዱቤ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሊሠራ ተዋውሎ ቀብድ ተቀብሏል፤ ግማሹን በልቶታል። የቀረው 2 ወር ብቻ ነው። የሚያውቀው ፓይተን ሲሆን ጓደኞቹ ግን «ለገንዘብ ሥራማ ረስት ነው!» እያሉ አስጨንቀውታል። «እህቴ፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ጭራሽ አልተሳሳቱም። ረስት ብዙውን ስህተት ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ይይዘዋል፤ ፓይተን አንዳንዱን ደንበኛ ፊት ነው የሚያጋልጥህ። ግን በ2 ወር አዲስ ቋንቋ ተምረህ የሰው ገንዘብ ልትቆጥርበት? ኧረ ተው!

ደግሞስ ቋንቋ ብቻውን መቼ ያድናል? አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ሶፍትዌሯ የተጻፈው በኤዳ ነበር፤ ለአስተማማኝነት ተብሎ በተሠራው ቋንቋ። እ.ኤ.አ. በ1996 ከተነሳች 40 ሰከንድ ሳይሞላት ሰማይ ላይ ተበታተነች። ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ኮድ የአዲሲቱን ፍጥነት የሚያክል ቁጥር መያዝ አቃተው። በአዲሲቱ የበረራ መስመር አልተሞከረማ!

ስለዚህ ፓይተንህን ያዝ። ብሩን ግን በነጥብ ቁጥር አታስላ፤ 0.1 እና 0.2 ስትደምር የሚሰጥህ ልክ 0.3 አይደለም። በሳንቲም መዝግበው፣ 12 ብር ከ50 ማለት 1250 ነው። መረጃውን በፖስትግሬስ ወይም በኤስኪውላይት አስቀምጥ፤ በአግባቡ ከተጠቀምክባቸው መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ እንኳ ሽያጩ ወይ ሙሉ በሙሉ ይመዘገባል ወይ ጭራሽ አይመዘገብም። አምነህ አትቀመጥ፣ እቤትህ ኮምፒዩተሩን ከሶኬት እየነቀልክ ሞክረው። ኮድህን በጊት ያዝ፣ የመረጃውንም ቅጂ በየማታው ሌላ ቦታ።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ፕሮግራመር ሆኜ አይደለም። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ አንድ ሱቅ ካሸር ሳለሁ፣ ማሽኑ መብራት በሄደ ቁጥር አንዱን ሽያጭ ሁለቴ ይመዘግብ ነበር። ጉድለቱ ከማን ደመወዝ እንደሚቆረጥ ገምቱ! «ማሽን አይዋሽም» ይሉኝ ነበር።

ያንተም ሶፍትዌር ላይ አንዲት ልጅ ትቀመጣለች። የመጀመሪያውን ወር የወረቀት መዝገቡ ጎን ለጎን ይሂድ፤ ማታ ማታ ከእሷ ጋር አመሳክሩ። ነጋዴውን ዛሬውኑ ሄደህ ይህን አስረዳው። ካልተስማማ ግን የቀረውን ግማሽ ቀብድ እንዳትነካው።