የገበያ ውድቀትና የደወሉ ቅርጽ

በ100 ብር የተገዛ አክሲዮን ዋጋው በ50 በመቶ ቢወድቅ 50 ብር ይሆናል። ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን 50 ሳይሆን 100 በመቶ ማደግ ይኖርበታል። መውረዱና መውጣቱ እኩል አይደሉም።

በኒውዮርክ ዳው ጆንስ የተሰኘው የአክሲዮን ዋጋ አመልካች እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1932 ድረስ 89 በመቶ ያህል ወርዶ፣ የቀድሞ ከፍታውን ያገኘው በ1954 ነበር። ባለጸጋ 25 ዓመት ሊታገሥ ይችል ይሆናል፤ ተበድሮ የገዛ ግን አይችልም። ከዋጋው 10 በመቶውን ብቻ ከኪሱ ለከፈለ ሰው፣ የ10 በመቶ ቅናሽ የራሱን ገንዘብ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ይህ አመልካች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1987 በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወረደ። የዋጋ ለውጥ በክፍል የምንማረውን የደወል ቅርጽ ሥርጭት ቢከተል ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ቀን በዩኒቨርስ ዕድሜ ውስጥ እንኳ ባልተጠበቀ ነበር። ያ ስሌት የሚሠራው እያንዳንዱ ክስተት ከሌላው ነጻ ሲሆን ነው። ሰው ግን ጎረቤቱ ሲሸጥ አይቶ ይሸጣል፤ ፍርሃትም እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀምሯል። የዛሬ ተማሪዎች የነገ ባለአክሲዮኖች ናቸውና፣ የፕሮባቢሊቲ ትምህርታችን ከዳይና ከሳንቲም ውርወራ አልፎ ደወሉ የማይሠራበትን ቦታ ሊያሳያቸው ይገባል። እስከዚያው ግን አንድ ደንብ ይበቃል፦ ለቀለብ፣ ለቤት ኪራይ ወይም ለዕዳ የሚፈለግ ገንዘብ አክሲዮን አይገዛበትም።