አስቀድሞ አጥንቱን እንወቅ

ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ በክበባችን የተነሣው ክርክር ጩኸት ስለ በዛበት ሳያልቅ ቀርቷል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «የናቪጌሽን መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል በሰው አከርካሪ ላይ ብሎን ማሰር ወንጀል ነው» አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ምክንያታችንንም እነሆ።

ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ብሎኑ የሚያልፍበት ፔዲክል የተባለው የአጥንት አንገት በደረት መካከል ባሉት አከርካሪዎች ብዙ ጊዜ ስፋቱ ቢበዛ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በስተውስጥ ኅብለ ሠረሠር፣ በስተፊት ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር አለ። ጥቂት ሚሊ ሜትር የሳተ ብሎን በእግሩ የመጣውን ሰው በቃሬዛ ሊመልሰው ይችላል።

ሲ-አርም የተባለው የራጅ መሣሪያ በሥራው መካከል ጥላውን ያሳያል፤ ጥላ ግን ጥልቀት የለውም፤ ሐኪሙም በየጊዜው ጨረር ይቀበላል። ናቪጌሽን ደግሞ በሲቲ ስካን የተነሣውን ሥዕል ከበሽተኛው ገላ ጋር አዛምዶ የመሣሪያውን ጫፍ በስክሪን ላይ ይከተላል። በብዙ ጥናቶች ትክክለኛነቱ ልቆ ተገኝቷል፤ ይህን አንክድም፤ በተለይ ለተጣመመ ጀርባ እጅግ ይረዳል። ሆኖም የሚያሳየው አስቀድሞ የተነሣ ሥዕል ነው። በአጥንቱ ላይ የታሰረው ምልክት በክርን ተገፍቶ ፈቀቅ ቢል፣ ስክሪኑ ምንም እንዳልሆነ ያንኑ ያማረ ሥዕል ማሳየቱን ይቀጥላል። ያን ጊዜ የሚያድነው ቀዳዳውን በመፈተሻ ዘንግ ዳስሶ «ግድግዳው ተበስቷል» የሚል እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የወጣ ጥናት አለ። በ394 በሽተኞች የደረት አከርካሪ ላይ፣ ምስል እየመራ ሳይሆን በእጅ ዕውቀት 3204 ብሎኖች ገብተው በነርቭም በደም ሥርም ላይ ጉዳት አልደረሰም። ይህ ግን የሁለት ሐኪሞች የ10 ዓመት ሥራ ነው እንጂ የጀማሪ ድፍረት አይደለም።

እኛስ? በአናቶሚ ክፍላችን ያለው አከርካሪ በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቈልፎ ዓመቱን ሙሉ እንደ ሱቅ ዕቃ ከውጭ ይታያል። መሣሪያው ይምጣ፣ እሰየው! እስከዚያው ግን ማኅበራችን ሁለት ነገር ይጠይቅልን፤ ቁልፉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች እንዲሰጥ፣ ቀዶ ጥገና ለማየት ለምንገባውም የእርሳስ ሽርጥ እንዲበቃን። ባለፈው ወር ለሦስት ሰው አንድ ሽርጥ ደርሶን በዕጣ ተከፋፍለናል።